ለኳስ የተላኩ ሽማግሌዎች

የሺወርቅ ቡድኑን ስትረከብ መረቡን የጎመን አጥር ሆኖ አገኘችው። የኮሌጁ ምግብ ቤት ሠራተኞች ከጓሮ የተከሉትን ጎመን ፍየል ሲጨርስባቸው ከስፖርት ዕቃ ክፍል አውጥተው ዙሪያውን ወጥረውታል። ማንም አልተቆጣቸውም። የሴቶቹ መረብ ኳስ ቡድን እንደሆነ ለወግ ያህል ያለ ነው። በዓመት አንዴ የኮሌጆች ውድድር ሲመጣ ከየክፍሉ ረዘም ረዘም ያሉት ይለቀማሉ፣ ማሊያ ይታደላቸዋል፣ ይሸነፋሉ፣ ሻይና ዳቦ ቀምሰው ይበተናሉ። የመቐለ ተማሪ አፉ ስል ነው፤ ለብሰው መጥተው ለሌላው አጨብጭበው ስለሚመለሱ "ሰርግ አጃቢዎች" የሚል ስም አውጥቶላቸው ነበር።

የሺወርቅ ጎመኑን ለፍየሎቹ ትታ መረቡን ፈታች። ከምግብ ቤቱ ሠራተኞች ጋር የተጣላችው በዚያው ቀን ነው፤ ጠቡ ለዓመታት አልበረደም።

ነገሩ በ1999 ዓ.ም. ነው። እሷ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። በወጣትነቷ አዲስ አበባ ለአንድ ክለብ ስትጫወት ቆይታ፣ ጉልበቷ እምቢ ሲላት የስፖርት መምህርነት ተማረችና መቐለ ተመደበች። ትግርኛዋ ከሸዋ ቅላጼ አልላቀቅ ብሎ ተማሪ ያስቃል። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ያላት ኳስ ነው። እልኸኛም ናት። አንድን ነገር የኔ ነው ካለች ጥርሷን ነክሳ ነው የምትይዘው። ቡድኑን ያቆመው ይኸው ጠባይዋ ነው፤ ኋላ የመጣውንም ያመጣው እሱው ነው።

መረቡን ወጥራ ብትጠብቅ የሚመጣ ጠፋ። መዝለል የሚችሉት ሁሉ ቀሩ። አንዷ አባቴ፣ አንዷ ወንድሜ፣ ሌላዋ የሰፈር ሰው ምን ይለኛል አለቻት። ከሁሉ ያንገበገበቻት ጁዋይሪያ የምትባል አንደኛ ዓመት ተማሪ ናት። ይህች ልጅ በስፖርት ክፍለ ጊዜ፣ ረጅም ቀሚሷን እንደለበሰች፣ እንደ ዋዛ ዘላ የመታችው ኳስ የሒሳብ ክፍሉን መስኮት ሰብሮ ገባ። የሒሳቡ መምህር እየጮኸ ሲወጣ የሺወርቅ ከደስታዋ ብዛት ይቅርታ መጠየቁን ረሳችው።

"ነገ ልምምድ ነይ" አለቻት።

"አባቴ አይፈቅድልኝም፣ ኮች" አለች ጁዋይሪያ፣ መሬት መሬት እያየች።

የሺወርቅ ነገሩን አወጣችው አወረደችው። ሴት ልጅ ከአባቷ ቤት በክብር የምትወጣበት አንድ የታወቀ መንገድ አለ፤ እሱም ሽማግሌ ነው። ለባል ከሆነ ለኳስ ለምን አይሆንም? ይህን ሐሳብ ይዛ እንዳ ኢየሱስ አካባቢ ወደሚኖሩት ጡረተኛው መምህር ገብረሃንስ ሄደች። ሽማግሌው ሰምተው ሲያበቁ ቀና ብለው አዩዋት።

"ዋእ! ጓለይ፣ ልጄ፣ ለኳስ ሽማግለ? እኔ በዚህ ዕድመዬ እንዲህ ያለ ጉድ አልሰማሁም" አሉ። እንዲህም ብለው ተነሡ። "ቆይኝ፣ ጋቢየን ላምጣ።"

የጁዋይሪያ ቤተሰብ የወሎ ሰዎች ስለሆኑ የአገራቸውን ሰው ልብስ ሰፊውን ኸድርን ጨመሩና እሑድ ጠዋት ሦስቱ ዓይደር ሰፈር፣ ከአባቷ ከሳሊህ ቤት ደጃፍ ቆሙ። ሳሊህ በጎረምሳነቱ ከወሎ መጥቶ በገበያው ዕቃ ሲሸከም ኖሮ፣ አሁን ባለ ሱቅ የሆነ፣ ቃሉ የተከበረ ሰው ነው። ሚስቱ ሙሚና ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ስታይ ልቧ ዘለለና ልብስ ልትቀይር ወደ ጓዳ ገባች።

"አረ ግቡ፣ ተቀመጡ" አለ ሳሊህ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ ገብረሃንስ፣ እንደ ወጉ። "ልጃችሁን ፈልገን ነው የመጣን።"

"እሰይ። ልጁ የማን ነው?"

ገብረሃንስ ወደ ኸድር አዩ። ኸድር ወደ የሺወርቅ አየ።

"ልጅ የለም፣ ጋሽ ሳሊህ" አለች የሺወርቅ። "ለመረብ ኳስ ነው።"

ሳሊህ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሙሚና አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ ከጓዳ ብቅ ስትልማ ጭራሽ ባሰበት። ሙሚና ግን አልሳቀችም፤ ሽማግሌ ቀልድ ሆነ ወይ ብላ ተመልሳ ገባች። ሳሊህ ዓይኑን ጠረገና ፊቱን አጠነከረ።

"ስሚኝ እህቴ" አለ። "እኔ ለኮሌጅ ልጅ አልሰጥም። ኮሌጅ ፊት የለው፣ ቢበድለኝ ማንን እወቅሳለሁ? ላንቺ ከሆነ እሰጣለሁ። አንችው ውሰጃት፣ አንችው መልሻት። ለሌላ ሰው ያሳለፉብሽ እንደሆነ ደሞ ከገበያ እንዳልሰማው፤ ራስሽ መጥተሽ ንገሪኝ።"

የሺወርቅ በሽማግሌዎቹ ፊት ማለች። ኸድር "አሚን" አለ፣ ገብረሃንስ መረቁ፣ ከዚያ በኋላ ተቀመጡ።

በዚህ ዓይነት በየእሑዱ አንድ አንድ ቤት ዞሩ። ኳስ የምታቀብለዋ የኣበራሽ አባት ኣረፋይነ ከሳሊህ የባሰ ሆነ፤ የሺወርቅን በማርያም አስምሎ ልጁን ሰጣት። ሌሎቹም አባቶች የጠየቁት ያንኑ ነው። ማንም ልጁን ለኮሌጁ አልሰጠም፣ ሁሉም ለእሷ ሰጠ። ቡድኑ እንዲህ ሆኖ የአንዲት ሴት አደራ ሆነ። አደገኛነቱን ያን ጊዜ ያሰበ የለም፤ እሷም ብትሆን ደስ አላት እንጂ አልከፋትም።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ተጀመረ። ሜዳው ባለ ጠጠር ነው፣ ከሰዓት በኋላ የመቐለ ነፋስ ሲነሣ ኳሱን ከአየር ላይ ይነጥቃል። የሺወርቅ ለነፋሱ አማራጭ አልፈለገችም፤ "ከነፋሱ ጋር ያልተጫወተ ከሰው ጋር አይጫወትም" እያለች በነፋስ አስለመደቻቸው። ኸድር ረጅም ሱሪ ሰፋላቸው። በረመዳን ልምምዱን ወደ ማታ ገፋችው፤ ሙስሊሞቹ ልጆች ቴምር እስኪቀምሱ ድረስ ክርስቲያኖቹም ውኃ አይጠጡም ነበር። ይህን እሷ አላዘዘችም፣ ኣበራሽ ናት የጀመረችው። በሁዳዴ ደግሞ ሙስሊሞቹ ብድሩን መለሱ። ሲመሽ የሺወርቅ ልጆቹን በሚኒባስ ከየቤታቸው ደጃፍ ታደርሳለች፣ አባቶቹም ወጥተው ይረከባሉ።

ረዳት ተብሎ የተመደበላት ኤልሳዕ የሚባል ወጣት ነው። ከመሀል አገር ገና ተመርቆ እንደመጣ እሷው ቤት ፈልጋ አከራየችው፤ በዓል በመጣ ቁጥር የሚበላው እሷ ቤት ነው። "እትዬ የሺ" ይላታል። ልጆቹን "እህቶቼ" ብሎ ነው የሚጠራቸው፣ ስማቸውን ሲጠራ እንኳ ያፍራል። ሥራውንም ከእሷ ተማረ፣ ጎበዝ ሆነ።

በመጀመሪያው ዓመት ተሸነፉ። ሚሊኒየሙ በመብራትና በጭፈራ ገባ፣ እነሱ ያን ዓመትም ተሸነፉ፤ ግን እያስጨነቁ ነው። በ2002 የኮሌጆቹ ፍጻሜ ላይ ሁልጊዜ የሚያሸንፋቸውን ቡድን ሦስት ለምንም ላኩት። የመጨረሻውን ኳስ ጁዋይሪያ መታችው። ሳሊህ ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ነበር፤ ኣረፋይነን አቅፎ ሲዘል ጫማው ከእግሩ ወለቀ። ያን ቀን "ሰርግ አጃቢ" የሚል ሰው ጠፋ። ከአዲስ አበባ የመጣ የአንድ ትልቅ ክለብ አሰልጣኝም ወደ የሺወርቅ ጠጋ ብሎ፣ "ያችን ረጅሟን ሐዋሳ በአገር አቀፉ ውድድር ደግሜ ልያት። ይህን ከደገመችው እወስዳታለሁ" አላት። ጁዋይሪያ ይህን ስትሰማ ከሜዳው ዳር ሄዳ ለብቻዋ ተቀመጠች፤ ደስታ ሲበዛባት እንደዚያ ነው የምታደርገው።

የድል ግብዣው ተበልቶ ሲያበቃ ዲኑ ኣስፋሃ የሺወርቅን ወደ ቢሮው ጠራት።

"የሺ ሓፍተይ፣ እህቴ፣ አኩርተሽናል" አለ። "አሁን እንግዲህ ነገሩ አገር አቀፍ ሆነ። ኤልሳዕ የአሰልጣኝነት ፈቃድ አለው፣ ያንቺ ደግሞ የድሮ ነው። ሐዋሳ ድረስ ጉዞ አለ፣ ስብሰባ አለ፣ ከትልልቅ ሰዎች ጋር መነጋገር አለ። ዋና አሰልጣኙ እሱ ይሁን ብለናል። አንቺ አማካሪ ትሆኛለሽ።"

"ልሄድ ነው ልቀር?"

"አማካሪ... እዚሁ ሆነሽ ነው የምታማክሪው።"

"እኔ ያስተማርኩትን ልጅ?"

ዲኑ ሊያስቃት ፈልጎ "እንግዲህ፣ ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል አይደል የሚባለው?" አለ፤ የሳቀ እሱ ብቻ ነው።

የሺወርቅ አልጮኸችም። ብትጮህ፣ ጠረጴዛ ብትደበድብ፣ ወይ ሚኒስቴር ድረስ ብትከስ በተሻለ ነበር። ውስጧ እንደ እሬት እየመረራት "እሺ" ብላ ወጣች። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይላሉ፤ እሷ ሞኝ ሆና መታየቱ ነው ከሁሉ ያቃጠላት።

በማግስቱ ኤልሳዕ ቤቷ መጣ። ወንበር ስትሰጠው አልተቀመጠም።

"እትዬ የሺ፣ እኔ አልጠየቅኩም። እምቢ ብላቸው ሌላ ሰው ከውጭ እናመጣለን አሉኝ" አለ። "ግን ልጆቹን አባቶቻቸው ለኔ አይሰጡኝም። አንቺ አብረሽኝ ብትዞሪ... ቀርተሽ እንኳ አንድ ቃል ብትልኪ ይበቃል። ጁዋይሪያ ሐዋሳ ካልሄደች አለቀላት።"

"ሰምቻለሁ" አለች። ከዚያ በላይ አልመለሰችለትም።

ቀጥላ መምህር ገብረሃንስን ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው ብዙ አላሰቡም።

"ቃልሽ ያስርሻል እንጂ አያንቅሽም፣ ጓለይ። ዋስ ጠርተሽ አደራውን ማሻገር ትችያለሽ። ኤልሳዕን ይዘሽ ሂጂ፣ 'እኔን እንዳመናችሁ እሱን እመኑት' በይ፣ አለቀ። እኔም እመጣለሁ። ልጁ ደሓን ልጅ ነው፣ አይደለም እንዴ?"

"ደህና ልጅ ነው" አለች የሺወርቅ። ለገብረሃንስ እውነቱን ነገረቻቸው፤ ለሌላ ሰው ግን አልደገመችውም።

የሄደችው ብቻዋን ነው። ለሽማግሌውም ለኤልሳዕም ሳትነግር፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የሳሊህን በር አንኳኳች። ሳሊህ ፊቱ በርቶ ተቀበላት፣ ሙሚና ለስላሳ ከፈተችላት። የሺወርቅ ብርጭቆውን አልነካችም።

"ጋሽ ሳሊህ፣ ራሴ መጥቼ እንድነግርህ ቃል አስገብተኸኝ ነበር። ቡድኑን ወስደውብኛል። ጁዋይሪያ ከዛሬ ጀምሮ በኔ እጅ አይደለችም። ሐዋሳም የምወስዳት እኔ አይደለሁም።"

የሳሊህ ፊት ጠቆረ። መቁጠሪያውን ማንከባለል ጀመረ።

"እንዲህ አድርገው ነው የሚክሱሽ? አይ የሰው ነገር!" አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ይሁን። በልጅቱ መንገድ መቆም አልፈልግም፣ ሌት ተቀን ሐዋሳ ነው የምትለው። ይኼ የተካው ሰውዬ ያ ኳስ የሚለቅመው ዓይን አፋሩ ልጅ ነው አሉ። እኔ አላውቀውም፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። ወላሂ፣ ባንቺ አፍ ደህና ሰው ነው በይኝ፣ አሁን ፈቅጃለሁ።"

የጓዳው መጋረጃ ተነቃነቀ። የሺወርቅ አይታዋለች።

አንድ ቃል ነበር የሚፈለግባት። ኤልሳዕ በትንሣኤ ዕለት እሷ ቤት ዶሮ ሲበላ ትዝ አላት፤ በሚኒባስ ውስጥ ልጆቹ እንዳይጨናነቁ ቆሞ ሲሄድ ትዝ አላት። ከዚያ ደግሞ ዲኑ ሲስቅ ትዝ አላት። ሐዋሳ ላይ ኤልሳዕ ዋንጫ ይዞ ፎቶ ሲነሣ፣ ከጎኑ ጁዋይሪያ፣ የእሷ ስም የትም ሳይኖር ታያት።

"እኔ የራሴን ቃል ላደርስ ነው የመጣሁት" አለች። "ስለ ሌላ ሰው አላውቅም።"

"አታውቂውም?"

"አላውቅም።"

ሳሊህ መቁጠሪያውን ኪሱ ከተተ። "እንግዲያው አላህ ያውቃል" አለ፣ እስከ ደጅም ሸኛት። ለሐቀኝነቷ አመሰገናት፤ እንዳንቺ ያለ ቃል አክባሪ የለም አላት። እሷም ምስጋናውን ተቀብላ ሄደች፤ ያን ቀን እንዴት እንደተቀበለችው ኋላ ራሷን ገረማት።

ወደ ሌሎቹ ቤቶች መሄድ እንኳ አላስፈለጋትም። ወሬው በገበያው ውስጥ ዞረ፤ መምህሯ ራሷ ልጁን አላምነውም አለች እየተባለ እያበጠ ሄደ። ኣረፋይነ "ሳሊህ ካስቀራት እኔ ጓለይን ምን ብዬ እልካለሁ?" አለ። ሌሎቹም ተከተሉት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ በዲኑ የተቆጣችውን ቁጣ በልጆቹ ላይ አራገፈችው። ዲኑ ምንም አልሆነ። ወፍሮ፣ ደህና ሆኖ፣ "የቤተሰብ ችግር ስላጋጠመ ዘንድሮ አንሳተፍም" የሚል ደብዳቤ ጻፈ። ኤልሳዕ ነው የተጎዳው። ሰፈሩ በክፉ ዓይን ያየው ጀመር፤ ቤት ያከራዩት ሴትዮ ሳይቀሩ ሴት ልጃቸውን ከግቢው አራቁበት። ክረምቱ ሲገባ ዝውውር ጠይቆ አገሩ ገባ። ሲሄድ ሊሰናበታት መጣ፤ እሷ እቤት ሆና በሩን አልከፈተችም።

መምህር ገብረሃንስም ነገሩን ሰሙ። አልተቆጡም። መንገድ ላይ ሲገናኙ ለሰላምታ ያህል "ደሓን ዶ" ብለው ባርኔጣቸውን ነክተው ያልፋሉ፣ ከዚያ ወዲያ ቆመው አነጋግረዋት አያውቁም።

በመስከረም ዲኑ መልሶ ጠራትና ቡድኑ ያንቺ ነው አላት። "ያላንቺ እንደማይሆን ገባን" አለ። የሺወርቅ ለዚህች ዓረፍተ ነገር ብዙ ጓጉታላት ነበር፤ ስትሰማት ግን የጠበቀችውን ያህል አልጣፈጠቻትም። ቢሆንም ዕለቱን ወደ ገበያ ሄደች።

ጁዋይሪያ በአባቷ ሱቅ ጨርቅ ታጥፋለች። ትምህርቷን ከጨረሰች ወዲህ ሱቁን የያዘችው እሷ ናት። ሳሊህ ለሶላት ወጥቷል።

"ኮች፣ እንኳን ደህና መጣሽ" አለች፣ በደህና ፊት።

"መለሱልኝ እኮ! ቡድኑን መለሱልኝ" አለች የሺወርቅ፣ ከልጅቱ ይልቅ እሷ ልጅ ሆና። "የቀድሞ ተማሪ እንዲሰለፍም ፈቅደዋል። ሰኞ እንጀምራለን። አባትሽን እኔው አናግረዋለሁ።"

"አባቴማ ላንቺ እምቢ አይልም። አንቺ ያልሽውን ቁርአን ላይ እንዳለ ነው የሚቆጥረው።"

"ታዲያ?"

"እኔ ነኝ የማልመጣው።"

የሺወርቅ ልትናገር አፏን ከፈተች። ጁዋይሪያ ጨርቁን እያጠፈች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ቀደመቻት።

"የዚያን ቀን መጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። አባቴ ሻንጣ ገዝቶልኝ ነበር ኮች፣ ከአልጋው ሥር ደብቆት። አንድ ቃል ነው የጠየቀሽ፣ አላውቀውም አልሽ። ኤልሳዕን አላውቀውም አልሽ!" እጇ ቆመ። "እኛን ባትወጂን እንኳ ኳሷን ትወጃለሽ ብዬ ነበር።"

"ቃሌን ጠብቄ ነው" የሚል መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ለራሷ ስንት ጊዜ የተናገረችው ነው፤ በልጅቱ ፊት ግን አልወጣ አላት፣ ምክንያቱም ውሸት ነው፣ ሁለቱም ያውቃሉ። ማፈር ብቻ አልነበረም የተሰማት፤ ናፈቀቻትም። እዚያው ቆማ እያየቻት ናፈቀቻት።

በዚህ መሀል አንዲት ደንበኛ ገባችና ለመጋረጃ የሚሆን ጨርቅ ጠየቀች። ጁዋይሪያ ጥቅሉን አውርዳ፣ አንዱን ጫፍ ደረቷ ላይ ይዛ፣ ክንዷን እስከ ጥግ ዘረጋች። ኳሱን ከነፋስ የምትነጥቅበት ያ ክንድ ሱቁን ከዳር እስከ ዳር ሞላው።

"ውይ፣ ክንድሽ ሲያምር!" አለች ሴትዮዋ እየሳቀች። "ጨርቅ እንዲህ ባለ ክንድ ሲለካ ነው እንጂ። ለዚሁ ነው የፈጠረሽ!"

ጁዋይሪያ ፈገግ ብላ መለካቷን ቀጠለች። የሺወርቅ ደንበኛዋን ላለመግፋት ጎኗን አጥብባ ወደ ደጅ ወጣች፤ ማንም ወዴት ነሽ አላላትም።